«አልተሳካም» ብላ የፈረመችው ሐሊማ

ሐሊማ ሞተች ብለው ሲደውሉልኝ ወልድያ መናኸሪያ ቆሜ ከአንድ ረዳት ጋር በቦርሳዬ ነገር እየተጨቃጨቅሁ ነበር። «ዝም በል!» ብዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። የደወለው የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነው፤ እሱ ምን በደለ? መልሶ ደወለ። «ጋሼ፣ ወላሂ እውነት ነው። ከዙህር ሶላት በኋላ ትቀበራለች» አለኝ። ጭቅጭቁን ትቼ፣ ቦርሳዬን ታቅፌ፣ ያገኘሁት ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

መርሳ ስደርስ ሰዉ ከመቃብር እየተመለሰ ነበር። ሙስሊም ሬሳ አያቆይም፤ እሷ ደግሞ በሕይወቷም ሰው ቆማ ጠብቃ አታውቅም። መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። እስካሁንም እንደተናደድኩ ነኝ፤ ይህንንም የምጽፈው ተናድጄ ነውና አንባቢ ይታገሠኝ።

ሐሊማ የሒሳብ አስተማሪ ነበረች፤ እኔ ሳይንስ አስተምራለሁ። መርሳ የገባነው በአንድ ዓመት፣ በአንድ መኪና ተጭነን ነው፤ እኔ ከወልድያ በላይ ካለ ገጠር የቄስ ልጅ፣ እሷ ከውርጌሳ የነጋዴ ልጅ። አጭር ናት፤ ስትሄድ ግን ረጅም ሰው አይደርስባትም። ጠመኔ ከእጇ አይለይም፤ ሻይ ስትጠጣም፣ ለቅሶ ቤት ስትቀመጥም ይዛው ነው። ሰው ሲቆጣባት ሻርፗን ወደ ኋላ ወርወር አድርጋ ትስቃለች፤ የተቆጣው ሰው ያን ጊዜ ይብስበታል።

መልአክ ነበረች አልልም። ሰው ሲናገር ታቋርጣለች። አመሰግናለሁ የምትለዋ ቃል ከአፏ የምትወጣው በስንት ምጥ ነው። አዲስ የተቀጠሩ አስተማሪዎችን ስንቴ እንዳስለቀሰቻቸው እኔ ነኝ የማውቀው፤ መሐረብ የማቀብለው እኔ ነበርኩና። ሁሉንም የምታስለቅሰው በአንዲት ቃል ነው፦ «አሳየኝ።» ገባኝ ያላትን ሰው ሁሉ፣ ልጅም ይሁን ርዕሰ መምህር፣ «አሳየኝ» ትለዋለች።

የአስተማሪ ዕቅድ ላይ «ዓላማ» የሚል ሳጥን አለ። «በዚህ ትምህርት መጨረሻ ተማሪዎች…» ብሎ ይጀምራል፤ የቀረውን አስተማሪው ይሞላል። እንዴት እንደምንሞላው ልንገራችሁ? ከአምናው እየገለበጥን! «ስለ ፎቶሲንተሲስ ምንነት ይገነዘባሉ»፣ «ስለ ክፍልፋይ ጠቀሜታ ይረዳሉ»፤ አለቀ። ርዕሰ መምህሩ ይፈርማል፣ ማህተም ይመታል፣ ዓላማው ሳጥኑ ውስጥ እንደተኛ ዓመቱ ያልፋል።

አንድ ቀን ሐሊማ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ዕቅዴን ከፊቴ አነሳችው። የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ስለነበረች ማየቱ ሥራዋ ነው።

«ይገነዘባሉ ትላለህ። መገንዘባቸውን በምን ታየዋለህ? ግንባራቸው ላይ ይበራል?»

«በፈተና ነዋ!»

«በፈተናማ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ላይ ያከብባሉ። እሱ ዕጣ ነው። ይኼ ያንተ ዓላማ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። ዓላማ ማለት ልጁ ማታ ቤቱ ሲገባ አባቱ ‹ዛሬ ምን ተማርክ?› ቢለው አድርጎ የሚያሳየው ነገር ነው።»

ጥቂት ቀን አኮረፍኳት። ከዚያ ዕቅዱን ቀድጄ እንደ አዲስ ጻፍኩት፦ ተማሪው የአንድ ተክል ቅጠል ከብርሃን ሸፍኖ ያቆያል፤ ቅጠሉ የሆነውን ለጓደኛው ገልጦ ያሳያል። ልጆቹ በግቢው ጥግ ችግኝ ተክለው ቅጠሎቹን በጥቁር ላስቲክ ሸፈኑ። መቼም የመርሳ ፍየል አጥር አታውቅም፤ ገብታ ቅጠሉንም ላስቲኩንም ጠራርጋ በላችው። ሐሊማ ዘንድ ሄጄ «አሁንስ ምን ልጻፍ?» አልኳት።

«የሆነውን ነዋ! አልተሳካም፤ ምክንያቱ ፍየል።»

ጻፍኩት። ሱፐርቫይዘሩ ያሾፍኩበት መስሎት ማስጠንቀቂያ ሊሰጠኝ ሲል ሐሊማ ልጆቹን ጠርታ አስመሰከረችልኝ። እንደገና ተከልን፤ በእሾህ አጠርን፤ ያን ጊዜ ሠራ። የገረጣውን ቅጠል ይዘው ቤታቸው ሲሮጡ ያየሁት ቀን፣ እውነቱን ልናገር፣ አስተማሪ መሆኔ ደስ ብሎኝ ዋለ።

እሷ ደግሞ የራሷ ሥርዓት ነበራት። አዲስ ምዕራፍ ስትጀምር ዓላማውን በአንድ ዓረፍተ ነገር በሰሌዳው የቀኝ ጥግ ትጽፍና ዙሪያውን በቢጫ ጠመኔ ታጥረዋለች። ያንን ጥግ ማንም አይነካውም፤ እሷም ብትሆን። ልጆቹ እየወጡ ሠርተው ያሳያሉ። የመጨረሻው ልጅ ያሳየ ዕለት የሚያጠፋው እሱ ራሱ ነው፤ ዳስተሩን ይዞ ይወጣል፣ ክፍሉ ያጨበጭባል፣ እልል የሚሉም አሉ። በሌላ ክፍል መጨረሻ መውጣት ውርደት ነው፤ በሐሊማ ክፍል የመጨረሻው ልጅ ሙሽራ ነው። ከእሷ ቀጥለው የሚገቡት አስተማሪዎች ግን «ሰሌዳው የአባቷ ርስት ነው እንዴ?» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። አንዱ በንዴት ቢያጠፋው፣ በማግስቱ ልጆቹ ራሳቸው መልሰው ጽፈውት አገኘው። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም።

እንዲህ ያለች ሴት እንዴት በሰላም ትኑር? ስምንተኛ ክፍል ላይ ተመሳሳይ ጎነ ሦስቶች የሚባል ምዕራፍ አለ። መጽሐፉ «ባሕርያቸውን ይገልጻሉ» ይላል። ሐሊማ ጥጉ ላይ የጻፈችው ይኼን ነው፦ «ተማሪው ሊወጣበት የማይችለውን ነገር ቁመት መሬት ላይ ቆሞ ያገኛል።» ዘዴው ቀላል ነው። ቁመቱን የምታውቀውን ዱላ ፀሐይ ላይ ታቆማለህ፤ የዱላውን ጥላና የዛፉን ጥላ በአንድ ሰዓት ትለካለህ። የዛፉ ጥላ የዱላውን ጥላ ስንት እጥፍ ከሆነ፣ ዛፉም የዱላውን ያንኑ ያህል እጥፍ ነው።

ልጆቹ ማንጎውን ለኩ፤ የመብራት ምሰሶውን ለኩ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው የሙስሊሞቹ ልጆች ሚናራውን፣ የክርስቲያኖቹ ልጆች የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ሊለኩ ሄዱ። እሽቅድምድም ሆነ! ለመብለጥ ሲጣደፉ የዱላውን ጥላ በቀትር ለክተው የሕንፃውን ጥላ ማምሻውን ለኩ። ማምሻ ላይ ጥላ እንደሚረዝም በዚያ ወከባ ማን ያስታውስ? ሚናራው ከተራራው ሊበልጥ ምንም አልቀረው፤ ጉልላቱም ሰማይ ነካ። በማግስቱ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ሻጩም ማንጎ ገዥውም ወሬው «የማን ይረዝማል?» ሆኖ አረፈ።

ርዕሰ መምህሩን ላብ አጠመቀው። «ሐሊማ፣ ሳይቸግርሽ ጤፍ ብድር! በዚህ ዘመን ከተማ ልታቃጥይብኝ ነው?»

ወዲያው ሼህ ይመርና ቄስ ተገኘ፣ ሁለቱ የከተማው ሽማግሌዎች፣ አብረው መጡ። አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ልጄ፣ የአላህ ቤት በሜትር ይለካል?» አሏት ሼሁ።

«የለኩት ቤቱን አይደለም አባባ፣ ጥላውን ነው። እሱንም ተሳስተው። ስህተታቸውን ይዘው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አላሻግራቸውም። ነገ የክርስቲያኖቹ ልጆች ሚናራውን፣ የሙስሊሞቹ ልጆች ጉልላቱን፣ በደንብ አድርገው ይለካሉ።»

«አይሆንም!» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«እንግዲያው ስህተቱ ከተማው ውስጥ እንደተወራ ይኑርልህ።»

ቄስ ተገኘ ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው ወደ ሼሁ ዘንበል አሉ። «ለመሆኑ በደንብ ቢለካ ስንት ይወጣ ይሆን?»

«እኔም እርስዎን ልጠይቅዎ ነበር» አሉ ሼሁ።

ተለካ። ሁለቱም ቆመው አስለኩ። ውጤቱን ልጆቹም እኔም እናውቀዋለን፤ አይወራ ብለው አደራ ስለሰጡን ግን አልናገርም።

ከዚያ ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጣ። ምኑን ላውራው፤ የእኛ የሐብሩ ወረዳ ሰው ያውቀዋል። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ወንበሮቹ ማገዶ ሆነው ነበር፤ ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያም ወዲህ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ ትምህርቱም እየተቆራረጠ፣ ልጁ ከክፍል ክፍል ያልፋል እንጂ የሚጨብጠው ነገር አልነበረም። ሐሊማ ሰባተኛ ክፍል ገብታ «ከአንድ ሁለተኛና ከአንድ ሦስተኛ የትኛው ይበልጣል?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አንድ ሦስተኛ!» አለ። ሦስት ከሁለት ይበልጣላ! እነዚሁ ልጆች እኮ ከምርቱ ግማሹን ለባለመሬቱ ሰጥቶ የእኩል ከማረስና አንድ ሦስተኛውን ሰጥቶ የሲሶ ከማረስ ለአራሹ የቱ እንደሚሻለው አብጠርጥረው ያውቃሉ። ያ የሚያውቁት ነገር ሰሌዳ ላይ በቁጥር ሲጻፍ ግን ባዕድ ይሆንባቸዋል። ከታች ክፍል ጀምሮ «ክፍልፋይን ይረዳሉ፤ ተሳክቷል» እየተባለላቸው ነው እዚህ የደረሱት። ሐሊማ ከክፍል ስትወጣ እጇ ባዶ ነበር፤ ጠመኔውን መሬት ጥላ ረግጣዋለች።

በዓመቱ መጨረሻ የዞኑ ትምህርት መምሪያ ወልድያ ለስብሰባ ጠራን። የየትምህርት ቤቱ ተወካይ አዳራሹን ሞልቶታል። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው። ቅጽ አደለን። የዓመቱ የሒሳብና የሳይንስ ዓላማዎች በሙሉ ተደርድረው፣ ፊት ለፊታቸው «ተሳክቷል» እና «አልተሳካም» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ተሰምረዋል።

«የዘንድሮው ሁኔታ ይታወቃል» አለ። «ነገ እንዳያስጠይቀን ሁላችሁም ‹ተሳክቷል› የሚለውን ሙሉ።»

ሁሉም እስክሪብቶውን ማውጣት ጀመረ። ሐሊማ ተነሳች።

«ሁለተኛው ዓምድ ለምን ተሰመረ? ለጌጥ ከሆነ ይነገረን።»

ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው አልሳቀም። «እህቴ፣ ልጆቹ እስኪበቃቸው ተጎድተዋል። አልተሳካም ካልሽ ክፍል ይደግማሉ። የደገመች ሴት ልጅ ትዳራለች፤ ወንዱ በበረሃ ወደ ዓረብ አገር ይነሳል። ይኼን ነው የምትፈልጊው?»

እውነቱን ነዋ። እኔም ምን ትመልስ ይሆን ብዬ ጨነቀኝ።

«ማን ይድገሙ አለ?» አለች። «ይለፉ! ግን አልተሳካም ተብሎ ተጽፎ ይለፉ። የሚረከባቸው አስተማሪ ከየት እንደሚጀምር ይወቅ። ተሳክቷል ስንል እኮ በሩን እየዘጋንባቸው ነው። ያውቃል የተባለ ልጅ ማን ያስተምረዋል?»

«የትምህርት ቤታችሁ ውጤት ይወርዳል። ያንቺም የደረጃ ዕድገት…»

«የእኔ ዕድገት ይቅር። ፀጉሬ ሸብቷል፣ ከዚህ በላይ የት ልደርስ? ማደግ ያለባቸው እነሱ ናቸው።»

እኔ ከጎኗ «ልክ ናት!» ብዬ ጮህኩ። ከኋላም ጥቂት ሰዎች አጉረመረሙ። ወዲያው የሻይ ዕረፍት ተባለ፤ የእኛ አገር ስብሰባ ሲጨንቀው መቼም ሻይ ይጠጣል።

መርሳ ተመልሳ በክፍልፋይ ዓላማዎች ሁሉ ፊት «አልተሳካም» ብላ ሞላች፤ ፈረመችበት። ርዕሰ መምህሩ ለመናት። ባለቤቷ ለመናት። «የማላውቀውን ታውቂያለሽ ብሎ የሚሸኘኝ ሰው ወዳጄ አይደለም፤ እኔም ለልጆቹ እንዲያ ያለ ወዳጅ አልሆንም» አለች።

ክረምት ላይ ደብዳቤ መጣ። «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ከግራና ከተማ ወዲያ፣ መኪና ወደማይወጣበት ቀበሌ ተዛውራለች። የስኳር ሕመም እንዳለባት የማያውቅ አልነበረም። ደሜ ፈላ። አቤቱታ እንጻፍ አልኳት፤ ጻፍን፤ የሚመልስልን ጠፋ። እሷ ሻርፗን ወርወር አድርጋ ሳቀች። «አየህ፣ ቅልጥፍናዬን አይተውልኛል! ደግሞስ እዚያ ልጅ የለም እንዴ?»

ሄደች። ያንን የመርሳ ክፍል ግን አልተወችውም። አርብ ከክፍል እንደወጣች በእግሯ ግራና ትወርዳለች፤ ከግራና በመኪና መርሳ ትገባለች፤ ቅዳሜ ጠዋት እነዚያን ልጆች ሰብስባ ክፍልፋይ ታስተምራለች። አበል የለው፣ ትዕዛዝ የለው። መጀመሪያ ቀን ርዕሰ መምህሩ «ግቢው ውስጥ ለማስተማር ፈቃድ ያስፈልጋል» ቢላት «እንግዲያው ከአጥሩ ውጭ እንሆናለን» ብላ ልጆቹን ይዛ ወጣች። በቀጣዩ ቅዳሜ በሩን የከፈተላት እሱ ራሱ ነው። ፈርቶ እንጂ ጠልቶ እንዳልነበር ያን ቀን አወቅሁ።

ድንች አምጥታ ታስቆርጣቸዋለች፤ ገመድ ታሳጥፋቸዋለች። «አንድ ሦስተኛውን አሳየኝ! አንድ ሁለተኛውን አሳዪኝ! አሁን የቱ ይበልጣል?» ድምፅዋ መንገድ ድረስ ይሰማል። እኔም አንዳንዴ ሄጄ ድንች ቆራጭ እሆን ነበር። ከልጆቹ የቀረም አለ፣ የጸናም አለ።

ከዚያ ዳገት ስትመላለስ ጫማ የላጠው እግሯ ቁስል ሆነ፤ ቁስሉም አልድን አላት። ሐኪም እግርሽን አሳርፊ አላት። «ይቺ ቅዳሜ ትለፍ» ትላለች። ቅዳሜ ደግሞ ያልፋል፣ ሌላ ቅዳሜ ይመጣል። በኋላ መቆም ሲያቅታት ወልድያ አስተኟት፤ ከዚያ ደሴ ወሰዷት፤ ከዚያ ወደ ቤቷ መለሷት። ስኳር ገደላት ይላሉ። ይሁን፣ ስኳር ነው። ያንን ዳገት ግን ማን አወጣት? ይህን በማለቴ የሚቀየመኝ ካለ ይቀየመኝ።

ከተቀበረች ከሳምንታት በኋላ በትምህርት ቤቱ ግቢ የመታሰቢያ ፕሮግራም ተዘጋጀ። ሼህ ይመር ዱዓ አደረጉ፤ ቄስ ተገኘ አጠገባቸው ቆመው «አሜን» አሉ። ከዚያ ያ የወልድያው ሰብሳቢ ከእንግዶች መካከል ተነስቶ ወረቀት አወጣ። «መምህርት ሐሊማ» ብሎ አነበበ፣ «የተሰጧትን ዓላማዎች በሙሉ መቶ በመቶ አሳክታ ያለፈች…»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። የሞተ ሰው ይመሰገናል፣ ነውር የለውም። እኔ ግን ውሸቱን መታገሥ አቃተኝ። ልነሳ ስል አንዲት ልጅ ቀደመችኝ። መኪያ ትባላለች፤ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ከነበሩት አንዷ ናት፤ ዛሬ ዘጠነኛ ገብታለች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «አላሳካችም።»

ሰውዬው ንባቡን አቆመ። «ምን አልሽ?»

«ቲቸር ሐሊማ አላሳካችም። አልጨረሰችም። እኔ እስካሁን ክፍልፋይ ስደምር ይጠፋኛል። ሁሉም ‹ችለሻል፣ እለፊ› እያለ አሳለፈኝ፤ ‹አልቻልሽም፣ ነይ› ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ሳንጨርስ ታመመች። አሁን እሷንም አሳክታለች ካላችሁ፣ እኔን ማን ያስተምረኛል?»

እናቷ ቀሚሷን ይዛ ልታስቀምጣት ሞከረች፤ እምቢ አለች። ሰውዬው ወረቀቱን አጠፈ። ርዕሰ መምህሩ አንገቱን ደፋ።

ተነሳሁ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ተውኩት።

«መኪያ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነይ» አልኳት፣ ሰውዬው እየሰማ። «የቀሩትንም ይዘሻቸው ነይ። አልጨረስንም።»